ፎስፈረስ የሚፈታ ባክቴሪያ ለበቆሎ ዘር፦ እንዴት ይለወስ?

ጥያቄ፦ የአፈር ምርመራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5.1 ይላል፤ አሲዳማ ነው። ጠቅላላ ፎስፈረሱ ደህና ነው፤ ተክሉ ሊወስደው የሚችለው ግን ትንሽ ነው። ባሲለስ ሜጋቴሪየም የሚባለው ፎስፈረስ የሚፈታ ባክቴሪያ በዱቄት ተዘጋጅቶ አለኝ። ከበቆሎ ዘር ጋር እንዴት ልለውሰው? ዳፑንስ (ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ) ልተወው?

ዘር አዘጋጅ፦ ማሸጊያው ላይ ሌላ መጠን ካልተጻፈ ለ10 ኪሎ ዘር 100 ግራም ዱቄት ይበቃል። 15 ግራም ስኳር በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፍልተው ያቀዝቅዙት። መጀመሪያ ዘሩን በስኳሩ ውሃ ያርጥቡ፣ ከዚያ ዱቄቱን እየነሰነሱ ይለውሱ። ዘሩ እርስ በርሱ ከተጣበቀ ውሃው በዝቷል፤ ዱቄቱ ሳህኑ ሥር ከቀረ አንሷል። ጥላ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያናፍሱትና በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ውስጥ ዘርተው ወዲያው ያልብሱት። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድላል። ዘሩ ፀረ ፈንገስ የተቀባ ከሆነ ግን አይለውሱት፤ 1 ኪሎ ዱቄት ከ25 ኪሎ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው በረድፉ ውስጥ ይጨምሩ።

የአፈር ባለሙያ፦ ዋናው ችግር ፒኤቹ ይመስለኛል። ባክቴሪያው ግሉኮኒክን የመሰለ አሲድ እያመነጨ ፎስፌትን ከካልሲየም ያላቅቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በአጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ በባክቴሪያው ክምችት ዙሪያ የሚታየው ጥርት ያለ ቀለበትም ብዙውን ጊዜ የትራይካልሲየም ፎስፌት (ከካልሲየም ጋር የተጣመረ ፎስፌት) መሟሟት ነው። በ5.1 ግን ፎስፈረሱን አጥብቀው የያዙት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው፤ እነሱን ማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል። አጋር ላይ ሰፊ ቀለበት ያሳየ ዝርያ ማሳ ላይ ምንም የማይሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አስቀድመው ኖራ ይጨምሩ፤ መጠኑን የአፈሩ የአሲድነት ምርመራ ይወስነዋል፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ኮምፖስትም አይቅር፤ ባክቴሪያው ያለ ካርቦን ምግብ አሲድ አያመነጭም።

ጠያቂ፦ ኖራው ለዚህ ወቅት ባይደርስስ?

የአፈር ባለሙያ፦ እንግዲያው በትንሽ መደብ ብቻ ይሞክሩት፤ ብዙ አይጠብቁ።

የማሳ ሙከራ ባለሙያ፦ ዳፑን ፈጽሞ አይተዉ። ባክቴሪያው ያለውን ይፈታል እንጂ ፎስፈረስ አይፈጥርም። ሦስት መደብ ያውጡ፦ ሙሉ ዳፕ፣ ሦስት አራተኛ ዳፕ ያለ ባክቴሪያ፣ ሦስት አራተኛ ዳፕ ከባክቴሪያ ጋር። ሁለተኛው መደብ ከሌለ፣ ዳፑ ድሮም በዝቶ እንደነበር ወይም ባክቴሪያው እንደሠራ መለየት አይቻልም። ባክቴሪያ የሌላቸውን መደቦች አስቀድመው ይዝሩ፣ በእጅ እንዳይተላለፍ። ዳፑን ከዘሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎንና ወደ ታች ያርቁት፤ ዘሩን ከነካው ቡቃያውን ያቃጥላል። የታችኛው ቅጠል ጠርዝ ወይን ጠጅ ቢሆን የፎስፈረስ እጥረት ነው ብለው ወዲያው አይፍረዱ፤ ብርድም ያንኑ ያመጣል። እርግጡን የሚነግርዎት ከየመደቡ ተመዝኖ የሚገኘው ምርት ነው።