የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ ደብሊን አርፎ ሲመለስ በቀጥታ የመጣው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስሄድ ነዳጅ ለመቅዳት ደብሊን አረፍን። ከመቀመጫችን ሳንነሣ፣ ነዳጁ ተቀድቶ እስኪያልቅ ቀበቷችንን ፈትተን እንድንቆይ ተነግሮን ጠበቅን። ስመለስ ግን ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን 13 ሰዓት ገደማ በርረን በቀጥታ ቦሌ ገባን። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቦይንግ 777-200 ኤልአር ደግሞ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚበር ይነገራል። ታዲያ ማረፉ ለምን አስፈለገ?

መልስ 1፦
በነፋስ ምክንያት ነው። በከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ የሚመለሰውን ግን ከኋላ ይገፋዋል።

መልስ 2፦
ነፋሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ከለንደን ኒውዮርክ የሚበሩትም ይኸው ነፋስ ይገጥማቸዋል። የእኛ ዋና ጉዳይ የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ስለሚፈልግ፣ አውሮፕላኑ ረጅም ርቀት መንደርደር ይኖርበታል። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ያህል ቢሆንም ጎማው የሚችለው የፍጥነት ወሰን አለው፤ ከዚህም በላይ በመነሻው ወሳኝ ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ መውጣት መቻል አለበት። 777-200 ኤልአር ሲነሣ ሊመዝን የሚፈቀድለት እስከ 347 ቶን ቢሆንም፣ ከቦሌ ያን ያህል ተሸክሞ አይነሣም። መንገደኛና ጭነት ላለመቀነስ ሲባል የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ደለስ ግን ከ100 ሜትር በታች ላይ ስለሚገኝ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ ቦሌ ሲደርስም አብዛኛውን አቃጥሎ ቀልሎ ነው የሚያርፈው። እርስዎ የጠቀሱት 15,000 ኪሎ ሜትርም ምቹ ሁኔታ ታስቦ የተሰላ የፋብሪካ ቁጥር ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እንግዲያው አዲሶቹ አውሮፕላኖች ችግሩን ይፈቱት ይሆን?

መልስ 3፦
በከፊል። የ777-200 ኤልአርን ብርታት አሳንሶ ማየት አይገባም፤ በኅዳር ወር 2005 እ.ኤ.አ. ከሆንግ ኮንግ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ለንደን ለመድረስ 21,601 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በርሯል። አየር መንገዳችን በ2010 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበው። ሆኖም በዓለም የተሠሩት 60 ያህል ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ብዙ መንገደኛ የሚይዘውን 777-300 ኢአርን መርጠዋል። በኋላ የመጡት 787 እና ኤርባስ ኤ350 አካላቸው በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ በመሆኑ፣ ሞተራቸውም ነዳጅ ቆጣቢ ስለሆነ፣ ለዚያው ርቀት የሚይዙት ነዳጅ ያንሳል። ኤ350-900 በ2016፣ ኤ350-1000 ደግሞ በ2024 ከአፍሪካ መጀመሪያ የገቡት እኛው ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ የሳሳ አየር ለአዲስ ሞተርም የሳሳ ነው። ወንበር ባዶ ትቶ፣ ጭነት ቀንሶ በቀጥታ መብረር ይቻል ይሆናል፤ በእኔ ግምት ግን ከአንድ ማረፊያ ወጪ ይልቅ ይህ ኪሳራ ይበልጣል። ለቢሾፍቱው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ በዚህ ረገድ ትልቅ እፎይታ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ከቦሌ ከባድ ጭነት ይዞ ለሚነሣ አውሮፕላን ማታ ከቀትር ይሻለዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ስለሚወፍር፣ ጥቂት ተጨማሪ ቶን ለማንሣት ይረዳል።