ብሬስ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ማስደረግ፦ ለልጅ የትኛው፣ ለአዋቂ የትኛው?

ሰሞኑን ሁለት ጥያቄ ደርሶኛል። አንዷ የሸዋ ሮቢት እናት ናት። የስምንት ዓመት ልጇ ጥርሱን ሲገጥም የታቹ ከላዩ ቀድሞ ይወጣል። ሌላው ደብረ ብርሃን የሚሠራ ወንድማችን ነው። ሠላሳን አልፏል፣ ጥርሱ ተደራርቧል፣ «ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?» ይላል።

ለሁለቱም መጀመሪያ የምለው አንድ ነው። ብሬስ፣ ማለትም ጥርስን ቀስ እያለ የሚያስተካክለው እስር፣ የሚታሰረው በአንድ ቀን ቢሆንም ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱም ሐኪም ጋ መመለስ አለ። ስለዚህ ክሊኒክ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት «በየቀጠሮው የሚያየኝ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስፔሻሊስቱ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በቀረ ጊዜ ማን እንደሚተካው ይንገሯችሁ። እዚህ ላይ የሚያድበሰብስ ክሊኒክ የቱንም ያህል ቢረክስ እኔ አልመክረውም።

የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚሉሽን አትስሚ። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አሰላለፍና አነካከስ የሚያስተካክሉ ስፔሻሊስቶች) ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንዴ እንዲታዩ ይመክራል። መታየት ማለት ግን ወዲያው ይታሰርላቸው ማለት አይደለም። የልጅ መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ እንዲህ ያለውን አነካከስ ቶሎ መያዝ ይቀላል።

ሌሎቻችሁም ልጆቻችሁን እቤት ማየት ትችላላችሁ። ልጁን ብርሃን ወዳለበት አቁሙት። ምራቁን ይዋጥና የኋላ ጥርሶቹን ይግጠም። ከንፈሩን በጣት ገለጥ አድርጉ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ትንሽ ሸፈን ማድረግ አለባቸው። የታቹ ከቀደመ፣ አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ፣ ወይም የፊቶቹ ሳይገናኙ ክፍት ከቀሩ ሐኪም ይየው። ጣት መጥባት ያልተወ ልጅ ላይ ይህ ክፍተት ይበዛል። ፍንጭት ብቻ ከሆነ ግን አትጨነቁ።

በሕፃንነቱ ግግ የወጣለት ልጅም ካለ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። ድዱ ሲፈለቀቅ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ ሊጎዳ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ጥርሱ ተበላሽቶ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም። ይህን ልማድ ብንተወው ስንቱን ልጅ ባዳንን!

ወደ ቦታው ስመጣ፣ ለመጀመሪያ ምርመራ፣ ለማስሞላት፣ ለማሳጠብና ለማስነቀል ደብረ ብርሃን ይበቃል። ከመንግሥት ሆስፒታሉ የጥርስ ክፍል ጀምሩ። ብሬሱን ግን ኦርቶዶንቲስት ይሥራው። ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሌላ ነው፣ ስለዚህ ሙያውን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። አዲስ አበባ መሄድ ካለባችሁ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ በቀን ይቻላል። ከሸዋ ሮቢት ለሚነሳ ግን ጣርማ በርን ወጥቶ መሄድ ስላለ ቀኑ አይበቃም፣ ማደሪያም አስቡ። ሽቦ ቢወጋችሁ ወይም ብራኬት (ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ቢነቀል ቅርብ ሆኖ የሚያይላችሁ ሐኪምም አስቀድማችሁ ያዙ። ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ ላይ የሚለጠፍ ሰም አለ፣ ከክሊኒኩ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ከዓይነቶቹ ለትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እየተወለቀ የሚታጠብ ፕሌት ነው። አንዳንዱ መሐሉ ላይ ቡሎን አለው። እናት ሐኪሙ ባዘዘው ቀን በትንሽ ቁልፍ ታዞረዋለች፣ የላይኛውም መንጋጋ ቀስ እያለ ይሰፋል። ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ልጁ ካላደረገው አይሠራም።

ለደብረ ብርሃኑ ወንድሜ ምርጫዬ ተራው የብረት ብሬስ ነው። ዕድሜህ አላለፈም። ድድህ ጤነኛ ከሆነ የአዋቂም ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ድድህ የሚደማ ከሆነ ግን እሱ ይታከም መጀመሪያ። ችግሩ ከመንጋጋ አጥንቱ ከሆነ ብሬስ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፣ ኦፕራሲዮንም ሊነሳ ይችላል። የሴራሚኩ ብዙም አይታይም፣ ግን ይወደዳል፣ ቶሎም ይሰበራል። አላይነር የሚባለው፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ግልጽ ፕላስቲክ፣ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ለምግብም ለቡናም ይወልቃል። ከአቦል እስከ በረካ ለሚቀመጥ ሰው ይከብዳል። ጥሩ ጎኑ በየተራ ከሚቀያየሩት ፕላስቲኮች ብዙውን በአንድ ጊዜ ከክሊኒኩ ይዞ መመለስ መቻሉ ነው።

በኦንላይን የሚሸጠውን ጥርስ መሰብሰቢያ ላስቲክ ግን አደራ፣ እንዳትነኩት! ላስቲኩ ድድ ሥር ይገባና ጤነኛውን ጥርስ ያላላዋል፣ እስከ መነቀልም ያደርሳል።

ብሬስ ያለው ሰው ቆሎ ይተው። የእኛ አገር የገብስ ቆሎ አንዷ ፍሬ ብራኬት ታስነቅላለች። በሶና ቅንጬ ግን እንደልብ ነው። መፋቂያ ብቻውን በሽቦው ሥር አይደርስም፣ ለስላሳ ብሩሽ ግዙ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ራጁ፣ በየቀጠሮው ሽቦውን ማጥበቅ፣ የተነቀለ ብራኬት መመለስና መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ሪቴይነር (የተስተካከለውን ጥርስ ባለበት የሚይዘው) ውስጡ እንዳሉ በጽሑፍ አስይዙ። ሪቴይነር ያላደረገ ሰው ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከአጣዬ፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ሆኖ ያሠራ ሰው ካለ ቀጠሮውን እንዴት እንደተወጣው ይጻፍልን።