ቬኒስን ከእናቴ ጋር በኅዳር ለመጎብኘት፦ ከተማው ውስጥ ማደር ወይስ ደርሶ መመለስ?

ጥያቄ፦ የኮዬዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ታላቅ እህቴ ሚላኖ ስለምትኖር፣ ቪዛው ከተሳካልን በመጪው ኅዳር እናታችንን ይዤ እርሷ ዘንድ ልሰነብት አስቤአለሁ፤ ጣሊያን ከደረስን ደግሞ ቬኒስን ሳናይ ላለመመለስ ሦስታችንም ተስማምተናል። እናቴን የሳባት የቦዮቹና የጀልባዎቹ ዝና ሳይሆን፣ የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም በዚያ ከተማ እንደሚገኝ በደብራችን መስማቷ ነው።

የሚያሳስበኝ ጉልበቷ ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃችን ወደ ቤት ስትወጣ በየፎቁ ማረፍ አለባት። ቬኒስ ውስጥ ደግሞ መኪና እንደማይገባ፣ አብዛኞቹ ድልድዮችም ባለ ደረጃ እንደ ሆኑ አንብቤአለሁ። እህቴ «የከተማው ሆቴል እሳት ነው፤ ወይ ከውኃው ማዶ በየብስ ባለው የቬኒስ ክፍል፣ ሜስትሬ፣ እንደር፣ ወይ ጠዋት በባቡር ሄደን ማታ እንመለስ» ትላለች። ኅዳር ላይ ባሕሩ አደባባዩን ሲያጥለቀልቅ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ማየቴና ለመግባትም ይከፈላል የሚል ወሬ መስማቴ ደግሞ ይበልጥ አመንትቶኛል። ከተማውን የምታውቁ፣ በተለይም በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ጋር የሄዳችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከለገጣፎ

እህቴ፣ የተማርሁት ለቬኒስ ቅርብ በሆነችው በፓዶቫ ስለ ነበር፣ ከተማዋን በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ወራት የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ካነሧቸው ምርጫዎች ለእናትዎ ፈጽሞ የማይሆነው ጠዋት ሄዶ ማታ መመለሱ ነው። ከሚላኖ ፈጣኑ ባቡር እንኳ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚደርሱት የቀን ጎብኚው ሁሉ በሚደርስበት ሰዓት፣ የሚመለሱትም ሁሉም በሚመለስበት ሰዓት ይሆናል። በአሮጌው ከተማ የሚኖረው ሕዝብ ከ50,000 በታች ወርዷል፤ የቀን ጎብኚው ግን ከባቡር ጣቢያው ወደ ሪያልቶ ድልድይና ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች ላይ ስለሚታጨቅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ቆም ብለው የሚተነፍሱበት ጥግ እንኳ አያገኙም። ደከመኝ ብሎ በአደባባዩ ዙሪያ መሬት ላይ ወይም ደረጃ ላይ ቁጭ ማለትም በገንዘብ ያስቀጣል።

እዚያው ያደረ ሰው ግን ማለዳውንና ምሽቱን ያተርፋል፤ ቬኒስ ደግሞ የምትታየው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ማለዳ ላይ አትክልቱ፣ ጡቡ፣ የሆቴሉ አንሶላ ሁሉ በጀልባ ሲገባ፣ ቆሻሻውም በጀልባ ሲወጣ ያያሉ። አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ ሬሳም ወደ ሳን ሚኬሌ የመቃብር ደሴት የሚሸኘው በጀልባ ነው። እኔ ከቤተ መንግሥቱና ከሥዕሉ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የኅዳር ሆቴል ዋጋም ከአውሮፓ የሙቀት ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) እና በፌብሩዋሪ አካባቢ ከሚከበረው የካርኒቫል ሰሞን ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ የእህትዎ ሥጋት በዚህ ወቅት ያን ያህል አይሠራም።

ስለ ጉልበታቸው፦ ከተማዋ 118 ያህል ደሴቶችን ከ400 በላይ በሆኑ ድልድዮች አያይዛ የቆመች ናት። ይሁን እንጂ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ታላቁ ቦይ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት እያለው የተሠሩበት ድልድዮች አራት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ነዋሪውም ቢሆን እንደ አውቶቡስ በሚመላለሰው ቫፖሬቶ በተባለው ጀልባ ይጠቀማል። ቁጥር 1 መስመር በታላቁ ቦይ ላይ ከሞላ ጎደል በየማቆሚያው እየቆመ ከባቡር ጣቢያው እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ስለሚያደርስ፣ እናትዎ አንድም ደረጃ ሳይወጡ፣ ተቀምጠው፣ የከተማውን ዋና ዋና ሕንፃዎች በግራና በቀኝ ያያሉ። የአንድ ጉዞ ትኬት ለ75 ደቂቃ የሚያገለግል ሆኖ 9.50 ዩሮ ሲሆን የ24 ሰዓቱ ግን 25 ዩሮ ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሳፈር ሰው የቀኑን ይግዛ። ከመሳፈርዎ በፊት ማቆሚያው ላይ ካለው ማሽን ጋር ማስነካቱን አይርሱ፤ ትኬት ይዞ ሳያስነኩ መገኘትም ያስቀጣል።

ሆቴል ሲመርጡ ስለ ኮከቡ ከመጨነቅ ይልቅ «ከጀልባ ማቆሚያው እስከ በራችሁ ስንት ድልድይ አለ? አሳንሰርስ አላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም። የቤት ቁጥሩ በመንገድ ሳይሆን በክፍለ ከተማ ተከታትሎ ስለሚሰጥ በአድራሻ ብቻ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እኛ ሰው ስንጠራ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እንደምንለው ሁሉ፣ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ድልድይ ስም አስቀድመው ቢይዙ ይጠቅማል።

ስለ ውኃው ብዙ አይስጉ። የባሕሩ ሙላት በብዛት የሚታየው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ውኃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን ጎድቷታል፤ ከዚያ የሚበልጠው የ1966ቱ 194 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከኦክቶበር 2020 ወዲህ ግን ላጉናው፣ ማለትም ከተማዋን የከበበው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ከባሕር በሚገናኝባቸው ሦስት መግቢያዎች 78 የብረት በሮች ከሥር እየተነሡ ውኃውን ይመልሳሉ። በሮቹ የሚነሡት ሙላቱ 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ በመሆኑ፣ ከዚያ በታች ባለው ሙላት ዝቅተኛው የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሊረጥብ ይችላል። ያም ቢሆን ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይጎድላል፤ ውኃ የማያስገባ ጫማ ይዘው ትንበያውን በየጠዋቱ ማየት ይበቃል።

የመግቢያው ክፍያ እናንተን አይመለከትም። በ2024 ሲጀመር 5 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ዘግይቶ ለሚከፍል ሰው 10 ዩሮ ሆኗል። የሚከፈለው ግን ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ በተመረጡ ቀናት፣ ሳያድሩ ለሚመለሱ ጎብኚዎች ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው አስጎብኚ፣ ሱሉልታ

ልጄ፣ የለገጣፎው ወንድማችን ስለ መንገዱ በቂ ተናግሯልና እኔ ስለ እናትሽ መሻት ልጨምር። እንደሚተረከው የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም እ.ኤ.አ. በ828 ከእስክንድርያ ያወጡት የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ ጠባቂዎቹ እንዳይፈትሹት በአሳማ ሥጋ ሸፍነው አሳልፈውታል። ዛሬ የሚታየው ባዚሊካ የተጀመረው በ1063 ገደማ ነው፤ ዐፅሙም በዋናው መንበር ሥር ይገኛል። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ግን የራስ ቅሉ እስክንድርያ ቀርቷል ብላ ታምናለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ከዐፅሙ ከፊሉ ወደ ግብፅ ሲመለስና በካይሮ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ተገኝተው ነበር። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳሳችን ከመንበረ ማርቆስ ይመጣ ለነበርን ለእኛ ታሪኩ የሩቅ አይደለም፤ ለእናትሽ ከመሄዳችሁ በፊት ብታነቢላቸው ጉብኝቱ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል። ለጉብኝት በክፍያና በሰልፍ የሚገባ ቢሆንም ለጸሎት የሚመጣ ሰው በጎን በር በነጻ ይገባል፤ ነጠላቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን መግባት አይፈቀድም።

ቀኑን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ኅዳር 12ን አታሳልፉት። በ1630 የገባው ወረርሽኝ ከከተማው ሕዝብ ሲሦ ያህሉን ሲጨርስ፣ መንግሥቱ ከመቅሠፍቱ ከዳንን ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብሎ ተሳለ፤ የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስእለት በ1631 ተጀምሮ በ1687 ተመረቀ። በዓሉ በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ይከበራል፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት የእኛ ኅዳር 12 ነው። እኛ የኅዳር ሚካኤልን እያከበርን፣ በ1911 ዓ.ም. ስለ ፈጀን የኅዳር በሽታ ቆሻሻ ሰብስበን ሰፈሩን ሁሉ በጭስ በምናጥንበት ዕለት፣ እነርሱ ሻማ ይዘው ስለ ሌላ መቅሠፍት ያመሰግናሉ። ለዚያ በዓል በታላቁ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል። እናትሽ ድልድዩን ቢፈሩት ቁጥር 1 ጀልባ ሳሉቴ የሚባል ማቆሚያ አለው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ስለ ሆነ፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር የበዓሉን ምግብ፣ የበግ ሥጋ በጥቅል ጎመን፣ መቅመስም ይቻላቸዋል።

አንቺ ደግሞ የማርቺያና ቤተ መጻሕፍትን አትዝለዪ። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ የሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ እዚያ ነው። ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የሣለው ሲሆን፣ ስለ ሀገራችን የጻፈውን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አፍ ሰምቶ በመሆኑ ዐባይንና አዋሽን በስማቸው ታገኛቸዋለሽ። ከዚያም በፊት፣ በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልክተኞች ነብሮች ጭምር ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ሰዓሊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ደግሞ ከቬኒስ ወጥቶ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እኛ መጥቶ ብዙ ዘመን ሥሏል። ጎብኚዎቼ ስለ ጣሊያን ሲያወሩኝ ሁልጊዜ ከዐድዋ ይጀምሩ ነበር፤ ከዐድዋ በፊት ስላለፈው አምስት መቶ ዓመት ግን የሚጠይቀኝ አልነበረም።

መልስ፦ ከሰበታ

የተባለውን አልቃወምም፤ ይሁን እንጂ እህትዎ ያሉት ሜስትሬ ማደርም ክፉ አይደለም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አሳንሰር ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ባቡሩም ወደ ደሴቱ የሚያደርሰው በአሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ገንዘቡ ካጠረ በጣቢያው አጠገብ ማደር፣ በከተማው ውስጥ አራተኛ ፎቅ በእግር ከሚያስወጣ ክፍል ይሻላል። ስትደርሱ ግን «ቬኔዚያ ሜስትሬ» የሚለውን አይታችሁ እንዳትወርዱ፤ ደሴቱ ላይ ያለው «ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ» ነው። ከጣቢያው አጠገብ ያለውን አዲሱን፣ በ2008 የተከፈተውን የመስታወት ድልድይ ደግሞ እናትዎ ባይሞክሩት ይመረጣል፤ ደረጃው እኩል ያልሆነና ሲዘንብ የሚያንሸራትት በመሆኑ ጤነኛውንም ይጥላል።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 በወሰነው መሠረት የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስለ ሆነ ክረምቱ ሳይወጣ ሰነዱን ያሟሉ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ያስፈልጋል። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ የሆቴል ክፍያ አይክፈሉ።

ጎንዶላን በተመለከተ ዋጋው በማዘጋጃ ቤት የተተመነ ነው፤ ቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ 110 ዩሮ ሲሆን፣ የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። ለሦስት ሰው ብዙ ነው እላለሁ። ትራጌቶ የሚባለው፣ ሰውን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ብቻ የሚያሻግረው ጎንዶላ በ2 ዩሮ ተመሳሳይ መቅዘፊያ ያሳያል። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ማኪያቶ ሲያምራችሁም ቆማችሁ ጠጡ፤ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ለወንበሩ ይከፍላል፣ ሙዚቀኛ ካለም ለሙዚቃው ይከፍላል።

የኮዬዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዞውን ለኅዳር 12 በዓል ለማድረስ ወስነናል፤ አንድ ሌሊትም ቢሆን ሳሉቴ አጠገብ ወይም ለቁጥር 1 ጀልባ ቅርብ የሆነ ሆቴል እንፈልጋለን። ቪዛው ዘግይቶ ጾሙ ውስጥ ብንገባስ እናቴ ምን ትበላለች? ዓሣም አትበላም።

ከለገጣፎ

እህቴ፣ አያስቸግርም። ማሪናራ የሚባለው ፒሳ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበት ሆኖ አይብ የለውም። ፓስታ በቲማቲም ሲያዝዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ብለው አይብ እንዳይነሰንሱበት ይንገሩ፤ በእጅ የተሠራው ትኩስ ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት የደረቀውን ይምረጡ። ቢጎሊ የሚባለውን የአካባቢውን ወፍራም ፓስታ ይተዉት፤ ስጎው በሽንኩርትና በትናንሽ የጨው ዓሣ የሚሠራ ነው፣ ዓሣው ቀልጦ ስለሚጠፋ ደግሞ በዓይን አይለይም። የባቄላ ሾርባ ካማራቸው የአሳማ ስብ እንዳልገባበት አስቀድመው ይጠይቁ።