ነፋሱ ቆሞ ሳለ ሞገዱ ለምን ገነነ? ስለ ሃዋይ የንግድ ነፋስና ሰርፊንግ

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ጥር በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነበር፤ እስካሁን ያልገባኝን ነገር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ወደዚያ ስሄድ ነፋስ በበረታ ቀን ሞገዱም አብሮ ይበረታል የሚል እምነት ነበረኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የንግድ ነፋስ የሚባለው የምሥራቅ ነፋስ የዘንባባውን ቅጠል ወደ አንድ ወገን እያጎነበሰ ያለማቋረጥ ሲነፍስ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ያየሁት ግን የተዘበራረቀና አረፋ የለበሰ ባሕር እንጂ በሰርፍ ሰሌዳ የሚጋለብ ሞገድ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ያን ዕለት በሰሜኑ ዳርቻ፣ በዋይሜያ ወሽመጥ፣ ሞገዱ ሲከሰከስ የቆምሁበት አሸዋ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰማኝ። ነፋስ ሳይኖር ያ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ለሚቀጥለው ጉዞዬስ ትንበያውን እንዴት ባነበው ይሻላል?

የባሕር ተመልካች፦

ያዩዋቸው ሞገዶች የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። የንግድ ነፋስ የሚነሣው ከደሴቶቹ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው፤ አየሩ ከዚያ ወደ ምድር ወገብ ሲያመራ የመሬት መሽከርከር አቅጣጫውን ስለሚያጣምመው ደሴቶቹ ላይ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ በቅርብ የሚያስነሣው ሞገድ አጭር ነው፤ አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ብቻ ስለሚወስድ እርስ በርሱ ይደራረባል። የዋይሜያው ግን በሰሜን ፓሲፊክ፣ በአሉሺያን ደሴቶች አካባቢ ወይም ከዚያ በስተምዕራብ በተነሣ ማዕበል (የባሕር ላይ ዐውሎ ነፋስ) ተወልዶ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተጓዘ ነው። ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ ስለሚፈጥን በመንገድ ላይ ይለያያሉ፤ ዳርቻ የሚደርሰውም ተስተካክሎ፣ በ14፣ በ16፣ አንዳንዴም በ20 ሰከንድ ልዩነት ነው።

ነፋሱ በዚያው ቀን መቆሙም አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት እነዚያው የሰሜን ማዕበሎች ወደ ደቡብ ሲጠጉ ከፍተኛውን ግፊት ከቦታው ስለሚገፉት የንግድ ነፋሱ ይዳከማል፤ ስለዚህ ሞገዱን የላከውና ነፋሱን ያስቆመው ብዙ ጊዜ አንድ ማዕበል ወይም የእሱ ተከታይ ነው። በሐምሌ ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ከአሥር ቀን ዘጠኙን ያህል ይነፍሳል፣ ሰሜኑ ዳርቻ እንደ ሐይቅ ይተኛል፣ ሞገድ የሚገኘውም በደቡቡ፣ በዋይኪኪ በኩል ይሆናል። እሱም ከኒውዚላንድ አካባቢ የተላከ ነው፤ የ16 ሰከንድ ሞገድ ጉልበት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 7,000 ኪሎ ሜትሩን ለማቋረጥ ከ6 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ትንበያውን ሲያነቡ እንግዲህ በቅድሚያ ሰከንዱንና አቅጣጫውን ይመልከቱ። እኔ 2 ሜትር በ7 ሰከንድ ከሚል ትንበያ 1 ሜትር በ17 ሰከንድ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ረጅሙ ሞገድ የባሕሩን ወለል ከጥልቅ ጀምሮ ስለሚነካ ዳርቻ ሲቃረብ ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ይላል። ነፋሱን የማየው በመጨረሻ ነው፤ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያስተካክለዋል።

የምሥራቅ ዳርቻ ወዳጅ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ለሃዋይ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የንግድ ነፋስ ሞገድ ሁልጊዜ የማይረባ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የካሪቢያኗን ደሴት ባርቤዶስን ይውሰዱ። ከእርሷ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት አትላንቲክ ስላለ፣ ነፋሱ ውኃውን በዚያ ሁሉ ርቀት እየገፋ በምሥራቁ ዳርቻ ባትሼባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚጋለብ ሞገድ ያደርሳል፤ በምዕራቡ ዳርቻ ግን በዚያው ሰዓት ባሕሩ ጸጥ ይላል። ዋናው ነገር ማልዶ መነሣት ነው፤ ፀሐይ የብስን ሳታሞቅ ነፋሱ ለዘብ ስለሚል የውኃው ገጽ ይለሰልሳል።

ነፋስ ተቀባዩ ጎን ዝናቡንም እንደሚቀበል በዚሁ ልጨምር። በሃዋይ ትልቋ ደሴት፣ በምሥራቅ ያለችው ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ 4,207 ሜትር ከፍታ ካለው ከማውና ኬያ ተራራ ጀርባ ያለው የምዕራብ ዳርቻ በረሃ ሊባል ምንም አይቀረው።

ሰሌዳ ተሸካሚ፦

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሃዋይ ልማድ የሞገድ ቁመት የሚነገረው ከጀርባው ተገምቶ ስለሆነ፣ 10 ጫማ (3 ሜትር ያህል) ነው ያሉዎት ሞገድ ፊቱ ወደ 6 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ረጃጅም ሞገዶች ደግሞ በቡድን ይመጣሉና፣ ባሕሩ ለ15 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ሲያዩ ዘለው አይግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ይመልከቱ።

ጀማሪው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በስልኬ የቀረጽሁትን ቪዲዮ ከፍቼ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ቆጠርሁ፤ የምሥራቁ 7፣ የዋይሜያው 17 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት። በጥር እንደገና ብሄድ ጀማሪ የሚለማመድበት ቦታ ይኖር ይሆን?

የባሕር ተመልካች፦

ዋይኪኪ ይሂዱ። በጥር ሞገዱ ትንሽ ነው፤ የንግድ ነፋሱም እዚያ ከየብስ በኩል ስለሚመጣ አያስቸግርዎትም። ኮና የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በተነሣ ቀን ግን ሰሌዳውን ሳያወጡ ይዋሉ።