«ታካሚው ራሱ ይናገራል» ተባለ እኮ!

የማራኪዋ፦
ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ የተጻፈውን ያላያችሁ ካላችሁ ልድገመው። «ጥርስ ለሚያጥቡ ተማሪዎች ይህን ያህል ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ማሸከም ጊዜ ማባከን ነው። መድኃኒት አያዙ፣ መርፌ አይወጉ። የሚወስደውን መድኃኒት ታካሚው ራሱ ይናገራል።» የጻፉት ጋሽ ክሊኒክ ናቸው። ላይኩ ዘነበላቸው። እኔ የዴንታል ሃይጂን ተማሪ ነኝ፤ ጎንደር ተወልጄ እዚሁ የምማር። ሌላ ሰው ቢያጨበጭብ አይገርመኝም። የክፍላችን ልጆች «እውነት ነው» ብለው ሲጽፉ ግን ደሜ ፈላ። ራሱ ይናገራል? የትኛው ታካሚ ነው እሱ?

ጋሽ ክሊኒክ፦
የኔ ልጅ፣ ያልኩትን አልክድም። እኔ ጋ ለልምምድ የሚመጡት ልጆች የማደንዘዣውን የሊዶኬይንን ሃፍ ላይፍ በቃላቸው ያነበንቡታል። የጥርስ መፋቂያውን የስኬለርን አያያዝ ግን አያውቁም። የድድ ኪስ መለኪያውን ሲያስገቡ ታካሚው ከወንበሩ ብድግ ይላል። መጀመሪያ እጃቸው ይፈታ ነው ያልኩት። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያውቃል። ይህን ማለት ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ።

ዘ ፒያሳ፦
ይናገራል እንጂ። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ መስታወቱን፣ መምጠጫውንና የተማሪዋን ሁለት ጣት ይዞ ይናገራል። ምን ይሳነዋል?

አዘዞ ፋርማሲ፦
እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «የለም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ገንዘብ ሊያወጡ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አምሎዲፒን ዱብ ይላል። «ይቺስ?» «ይቺማ የግፊቴ ናት።» አልዋሹም እኮ። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ሲያምህ የምትውጠው ነው። የዕለቷን ኪኒን አይቆጥሯትም። አሁን እኒህ እናት ድዳቸው አብጦ ጥርስ ሊያሳጥቡ ቢሄዱስ? አምሎዲፒን ድድ ሊያሳብጥ ይችላል። ሌላው የግፊት መድኃኒት ኒፌዲፒን ይብሳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም እንደዚያው። ተማሪዋ ይህን ካላወቀች «ጥርስዎን አይቦርሹም» ብላ ተቆጥታ ትሸኛቸዋለች። ተመልሰው ሲመጡም ትደግማቸዋለች።

ጋሽ ክሊኒክ፦
አዘዞ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ድድ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ካለ ያ እብጠት ይብሳል፤ ሲጸዳ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚጠቅማቸው ያው የተማሪዋ እጅ ነው። ኪኒኑን የሚቀይረው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። እሷ ብታውቅ ምን ልታደርግ ነው?

የማራኪዋ፦
ወደ ሐኪሙ ልልካቸዋ! ሳላውቅ ምን ብዬ ልላክ? «ድድዎ አስጠልቶኛል» ብዬ?

ሲስተር ነኝ፦
የልብ ክትትል ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በሪህማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆችና ወጣቶች እኛ ጋ ሞልተዋል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ፤ ለዓመታት። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» በሏቸው። «አልወስድም» ነው መልሱ። ኪኒን አይውጡማ! እንዲህ ያለ ልጅ ጥርሱን ሊያሳጥብ ይመጣል። ስኬሊንግ (ጥርስ መፋቅ) ድድ ያደማል፤ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፤ የተጎዳ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ለአዋቂ የተለመደው 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ይህ ልጅ ግን ፔኒሲሊን ሲወጋ ኖሯል። አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ፔኒሲሊንንና ወገኑን አሞክሲሲሊንን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠን መጨመር ሳይሆን ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት ነው የሚመረጠው። ይህን ሁሉ የምታስነሳው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «በየወሩ የምትወጋው መርፌ አለ?» ጋሼ፣ ይህችን ጥያቄ ማን ያስተምራቸው?

መንጋጋ፦
ሲስተር፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ በዋናው ነገር ካንቺ ጋር ነኝ። ግን ለሁሉም የልብ ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ ይሰጥ እንዳይመስላቸው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ዝርዝሩን አጥብቦታል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ከዚህ በፊት የልብ ውስጥ ኢንፌክሽን የያዘው፣ አንዳንድ አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ያለበትና ጥቂት ሌሎች ናቸው የቀሩት። በሪህማቲክ የተጎዳ የራስ ቫልቭ ብቻውን እዚያ ውስጥ የለም።

ሲስተር ነኝ፦
አሜሪካ ሪህማቲክ ብርቅ ነው ዶክተር። እኛ ጋ ወረፋ ይዞ ነው የሚታየው። የእነሱን ዝርዝር እንዳለ እንገልብጥ?

መንጋጋ፦
ገልብጡ ወጣኝ? ዝርዝሩን ሳያውቁ መቃወምም መቀበልም አይቻልም ነው ያልኩት።

ፈተና የደከመው፦
እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ስደቡኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ ምን ተማርን? ሪሴፕተር፣ ፈርስት ፓስ፣ ክሊራንስ። መምህሩ ስላይድ ያነባል፣ እኛ እንቸክላለን፣ በፈተናው ማግስት ይተናል። ሲስተር ያለችውን መርፌ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም። አምሎዲፒን ድድ ያሳብጣል የሚለውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ለዚህ ሙሉ ኮርስ?

የማራኪዋ፦
ክስህ መምህሩ ላይ ነው፤ የምታሰርዘው ግን ኮርሱን ነው። ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ድስት ይጣላል?

ፈተና የደከመው፦
ድስቱን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ይጣል።

የአራዳ ልጅ፦
ቆይ፣ «ጥርስ የሚያጥቡ» የሚለውን ማን ሊያልፍ ነው? የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው እኮ እዚህ ከተማ ነው። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ገጠር ይወጡ ነበር። «አንተ እጅ ብቻ ነህ፣ ጭንቅላቱ ሌላ ጋ ነው» የተባለ አልነበረም። በጎንደር ልጅ አፍ ይህን መስማት ያሳፍራል።

ጋሽ ክሊኒክ፦
ታሪክ አትምዘዝብኝ። ያኔ ጤና መኮንኑ ሁሉን የሚሠራው ሐኪም ስላልነበረ ነው።

የአራዳ ልጅ፦
አሁን ሞላ? ወደ ደምቢያ፣ ወደ ጭልጋ ይውረዱና የጥርስ ሐኪም ቆጥረው ይምጡ። ሃይጂኒስቷ እዚያ ስትመደብ «መድኃኒቱን ሐኪሙ ያውቃል» ብላ ወዴት ትዞራለች?

መንጋጋ፦
ወደ «መርፌ አይወጉም» ልመለስ። እውነት ነው፣ የምወጋው እኔ ነኝ። ግን ካርዱን ሞልታ የምትሰጠኝ እሷ ናት። አንድ ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ብልቃጥ) 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። 2 በመቶ ሊዶኬይን ከሆነ 36 ሚሊ ግራም አለው። አብሮት ያለው አድሬናሊን 1 ለ100,000 ከሆነ 18 ማይክሮ ግራም ነው። ከባድ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ከ40 ማይክሮ ግራም አድሬናሊን እንዳይታለፍ ይመከራል፤ ሁለት ካርትሪጅ ብንል 36፣ ደህና። 1 ለ80,000 የሆነውን ካነሳሁ ግን አንዱ 22.5 ነው። ሁለቱ 45። አለፈ። ካርዱ ላይ «ጤነኛ» ተብሎ ተጽፎ ከመጣ ይህን ለማስላት ምን ያነሳሳኛል?

ጋሽ ክሊኒክ፦
ያዝኩህ ዶክተር! የተማሪ ካርድ አምነህ ነው የምትወጋው? ራስህ አትጠይቅም?

መንጋጋ፦
እጠይቃለሁ እንጂ።

ጋሽ ክሊኒክ፦
አንተ ከጠየቅክ እሷ ምን ቀራት? ታካሚውስ ስንቴ ይለፍልፍ?

የማራኪዋ፦
ለእኔ የሚነግሩኝን ለእሱ አይነግሩትማ። ነጭ ጋዋን ሲያዩ «ደህና ነኝ» ብለው ጭጭ ነው። እኔን እንደ ልጃቸው ያወሩኛል። ጠበል ከጀመሩ ወዲህ ኪኒኑን እንዳቆሙ የነገሩኝ እናት ለሐኪሙ ትንፍሽ አላሉም። ደግሞ በእጃችን የምንሰጠው ነገር የለም አትበሉ። የአፍ ማጠቢያውን ክሎርሄክሲዲኑን አስጉመጥማጯ ማን ናት? ያ ነገር ጥርስ ያጠቁራል፤ በሻይና በቡና ደግሞ ይብሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለምትጠጣ ሴት ይህን ሳትነግሯት ሰጥታችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት «ልታጸዱልኝ መጥቼ አጠቆራችሁኝ» ስትል ጋሼ ይመልሱላት። በጥርስ ሳሙና ከቦረሹ በኋላ ወዲያው ከተጉመጠመጡበት ኃይሉ እንደሚቀንስስ? ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ የሚባለው በምን የተነሳ ይመስላችኋል?

ጋሽ ክሊኒክ፦
እሱ የጠርሙሱ ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ዘ ፒያሳ፦
በጣም በደቃቅ፣ በእንግሊዝኛ። እናቴ ዘወትር ማታ ማታ የምታነበው ነው።

ሲስተር ነኝ፦
የጾሙን ነገር እንዴት ረሳችሁት? በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ የስኳር ሕመምተኞች አሉ። ግሊቤንክላሚዷን ጠዋት ውጠው፣ ባዶ ሆዳቸውን ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። በረመዳንም ያው ነው። ላብ ላብ ሲላቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ «መርፌ ፈሩ» ይባላል። ስኳሩ ወርዶ ነው።

ጋሽ ክሊኒክ፦
ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ፋርማኮሎጂ አይፈልግም እህቴ። እኛ ስንሠራበት ኖረናል።

ሲስተር ነኝ፦
ማጠጣቱማ ቀላል ነው። ማን የትኛዋን ኪኒን እንደዋጠ ማወቁ ነው የሚፈለገው። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ ስኳር አይጥልም፤ ግሊቤንክላሚድ ይጥላል። ይህን የምታውቅ ልጅ ቀጠሮውን ከቁርስ በኋላ ታደርገዋለች፤ የጾመውን ደግሞ እህል ከቀመሰ በኋላ ይምጣ ትላለች።

ዘ ፒያሳ፦
ስለ ጾም ካነሳችሁ ስለ ጠላም አንሱ። ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞልኝ «አልኮል አትጠጣ» ተባልኩ። ጠላ የጠቀሰ የለም። ፋሲካ ነበር።

አዘዞ ፋርማሲ፦
ጥፋቱ የማን ነው? እኔ «ጠላም ጠጅም አረቄም» ብዬ ነው የምዘረዝረው።

መንጋጋ፦
የአልኮሉ ነገር ድሮ የተባለውን ያህል አይደለም የሚሉ ጥናቶች መጥተዋል፤ ለጥንቃቄ ግን ይተው። ይልቅ ከደም ማቅጠኛው ከዋርፋሪን ጋር ያለው ጠብ ነው የሚያስፈራው። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪንን ያበረታዋል። ደም አልቆም ይላል። ቫልቭ የተቀየረላቸው ሰዎች ዋርፋሪን ላይ ናቸው። ድዳቸው ደማ ብለን ሜትሮኒዳዞል ስንጽፍላቸው ጭራሽ ልናደማቸው ነው።

ዘ ፒያሳ፦
እሺ፤ አንድ ጥያቄ ለአዘዞ። ጎረቤቴ ጥርሱን ሲያመው አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ ገዝቶ ገባ። በፍሬ። አምስት ፍሬ። ከየት እንደሆነ አልናገርም።

አዘዞ ፋርማሲ፦
ከእኔ አይደለም።

ዘ ፒያሳ፦
ከአንተ ነው አልኩ?

አዘዞ ፋርማሲ፦
ሰው ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲቃትት አድሮ ደጅህ ላይ ሲቆም አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እኔ ብከለክለው ቀጣዩ ሱቅ ይሰጠዋል።

መንጋጋ፦
«ቀጣዩ ሱቅ ይሰጠዋል!» ይህቺን ሁሉም ሱቅ ነው የሚላት። የጥርሱ ነርቭ ተቆጥቶ ለሚያመው ሰው አሞክሲሲሊን ምንም አይሠራለትም። ጥርሱ ይታከማል ወይም ይነቀላል። አምስቱ ፍሬ የሚያስተምረው ባክቴሪያውን ነው።

አዘዞ ፋርማሲ፦
ዶክተር፣ ከምታክሙት ሰው ግማሹ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። የእናንተ ዋጋ ስንት እንደሆነም እዚህ ላይ ይነሳ።

ፈተና የደከመው፦
ኧረ ከርዕሱ ወጣን!

የአራዳ ልጅ፦
አልወጣንም። አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደር እናቶች ድድ ስንቱ የተነቀሰ ነው? ባለፈው አንድ ተለማማጅ የአክስቴን ንቅሳት አይታ «የምን መድኃኒት ነው ያጠቆረዎት?» አለቻት። አክስቴ እስካሁን ትስቃለች። ይኸው ፋርማኮሎጂ የበዛባት ልጅ።

ጋሽ ክሊኒክ፦
አየሽ የኔ ልጅ? ምስክር መጣልኝ!

የማራኪዋ፦
እንዴ ጋሼ! ድድ የሚያጠቁር መድኃኒት መኖሩን ስላወቀች እኮ ነው የጠየቀችው። ሚኖሳይክሊን ያጠቁራል። ጠየቀች፣ ንቅሳት ነው ተባለች፣ አለቀ። ጠይቆ መሳቂያ መሆን ሳይጠይቁ ከማለፍ አይሻልም? ደግሞ ለእርስዎ «ራሱ ይናገራል» ነበር። አክስቱም ተጠይቀው ነው የተናገሩት።

ጋሽ ክሊኒክ፦
እሺ። ለአንቺ ስል አንድ ሐሳብ ላምጣ። ቀጠሮ ሲሰጥ «ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ መርፌ የምትወጉም ካርዳችሁን አምጡ» ይባል። ያኔ ማንም መናገር አይጠበቅበትም። ኮርሱም ይቀንሳል።

ሲስተር ነኝ፦
ግሩም ነው። ፌስታሉን ከፍቶ የሚያነበው ማን ነው?

ጋሽ ክሊኒክ፦
ሐኪሙ።

መንጋጋ፦
እኔ? ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ አይተውታል?

የማራኪዋ፦
ፌስታሉን ለእኔ ስጡኝ፤ አነበዋለሁ። ግን ስሙን ብቻ አንብቤ ምን ላደርግ ነው? «አምሎዲፒን የሚባል ይዘዋል» ብዬ ልመልስላቸው?

ጋሽ ክሊኒክ፦
ስሙን ጽፈሽ ለሐኪሙ ትሰጪያለሽ። ጨረስሽ።

መንጋጋ፦
አምስት ኪኒን ያለበት ወረቀት ይሰጠኝና የትኛው እንደሚያሰጋ ቆሜ ልፈልግ? ከእሷ የምፈልገው እኮ «ይቺኛዋን ተጠንቀቅ» እንድትለኝ ነው።

ጋሽ ክሊኒክ፦
ተለማማጅ ለሐኪም «ተጠንቀቅ» ልትል! ይህንንም ሰማን።

ዘ ፒያሳ፦
አሁን ነው ነገሩ የወጣው።

ጋሽ ክሊኒክ፦
ምኑ ወጣ? ያልኩትን ነው የደገምኩት። ስኬለር መያዝ ይቅደም።