የወል ግጦሻችን ባሕር ዛፍ ብቻ ሊሆን ነው፤ ምን እናድርግ?

የደጋው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቤተሰቦቼ አገር ቤት የሚጠቀሙበትን የወል ግጦሽ ተወስዶ ባሕር ዛፍ ብቻ ሊተከልበት ነው። ሽማግሌዎቹ ምንጩ ይደርቃል ብለው ፈርተዋል፣ ከብቱስ የት ይግባ? እንዲህ ያለውን በተቃውሞ ያስቆመ ሕዝብ አለ?

ዋርካ፦
አለ እንጂ! የብራዚሎቹን ነባር ሕዝቦች፣ ቱፒኒኪምና ጓራኒን እይ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አራክሩዝ የተባለው ድርጅት እስፒሪቱ ሳንቱ ግዛት ውስጥ መሬታቸውን ለወረቀት በሚሆን ባሕር ዛፍ ሸፈነው። ደኑ ሲሄድ አደኑም ወንዙም አብሮ ሄደ። «አረንጓዴ በረሃ» ነው የሚሉት፣ እውነታቸውን ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ራሳቸው ገብተው ዛፉን እየቆረጡ ድንበራቸውን አሰመሩ፣ በዓመቱ ፖሊስ መንደራቸውን አፈረሰባቸው፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም፣ በ2007 መንግሥት 18,000 ሄክታር ገደማ የእነሱ መሆኑን አወቀላቸው።

ጽጌ፦
ዛፉን በጅምላ አትርገሙት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ በሱ ማገዶ ነው የኖረችው፣ የኛም ቤት የቆመው በሱ ነው። ገበሬው በገዛ ጓሮው ሲተክል ሌላ፣ የጋራ መሬት ሳይጠየቁ ሲወሰድ ሌላ።

ዋርካ፦
ልክ ነሽ ጽጌ። የደጋው ልጅ፣ ችግኙ ሳይወርድ ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ተፈራርመው ለቀበሌው በጽሑፍ ያስገቡ። ቅጂውን ያስቀሩ።