የግሮቨር አልጎሪዝም ከአራት አንዱን በአንድ ጥያቄ እንዴት ያገኛል?

ጠያቂ፦ ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው የፍለጋ አልጎሪዝም ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን በአንድ ጥያቄ፣ ማለትም ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ በሚፈትሽ አንድ እርምጃ፣ ይለያል ይባላል። ይህ የሚሆነው ኳንተም ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚሞክር ነውን?

መልስ 1፦ አባባሉ የተለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው፤ ሁሉንም ከመሞከር ሌላ የሚያደርገው ባይኖር ኖሮ፣ ስንለካው በዕጣ እንደወጣ ያለ አንድ ውጤት ብቻ ይሰጠን ነበር። ቁም ነገሩ ያለው በመደመርና በመቀነስ ምልክቱ ላይ ነው። በሁለት ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ) ሲጀመር የአራቱም አማራጮች አምፕሊትዩድ፣ ማለትም ካሬው ዕድሉን የሚሰጠን ቁጥር፣ 1/2 ነው፤ ጥያቄው የትክክለኛውን ብቻ ወደ -1/2 ሲቀይረው አማካዩ 1/4 ይሆናል፤ ቀጥሎ ሁሉም በአማካዩ ዙሪያ ሲገለበጡ፣ ማለትም ከአማካዩ በላይ ያለው በዚያው ርቀት ወደ ታች፣ በታች ያለው ወደ ላይ ሲዞር፣ ሦስቱ ዜሮ፣ ትክክለኛው 1 ይሆናሉ።

ጠያቂ፦ አማራጮቹ አንድ ሚሊዮን ቢሆኑስ?

መልስ 2፦ 785 ያህል ዙር ይበቃል፤ አንድ ዙር ማለት አንድ ጥያቄና አንድ ግልበጣ ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ በላይ ቢደጋገም ትክክለኛውን የማግኘት ዕድል መልሶ ይቀንሳል።